«እነሱ ሄደው ምንም አልሆኑም»

ልጄ ጥያቄውን ያነሳው መኪና ውስጥ ነው። ትምህርት ከተከፈተ ብዙም አልቆየም። የአንድ የክፍል ጓደኛው ቤተሰብ በዚያ በኮቪዱ ጊዜ፣ ኦገስት 2021 ላይ፣ ፍሎሪዳ ኦርላንዶ ያለው መዝናኛ ዲዝኒ ወርልድ ደርሶ መጥቷል። እኛም በዚያው ሳምንት ልንሄድ ነበር፤ ሳንሄድ ቀረን። «እማዬ፣ እነሱ ሄደው ምንም አልሆኑም። እኛ ለምን ቀረን?» አለኝ። አላኮረፈም፣ አልተነጫነጨም። ረጋ ብሎ፣ መልሱን ለማወቅ ፈልጎ ነው የጠየቀው።

የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ይባላል። ይሄ ብስሉ ነበር። ያኔ የሆነ ነገር ብዬ መለስኩለት። ጥያቄው ግን ከእኔ ጋር ቀረ። ምክንያቱም ያንኑ ነገር ከትልልቅ ሰዎችም እሰማው ነበር። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ ቡና ላይ፣ ስልክ ላይ። «እነ እገሌ ሄደው መጡ፤ ደህና ናቸው» ይባላል፣ ነገሩም እዚያው ይዘጋል። ለእኔ ግን አልዘጋ አለኝ።

በጋውን ሙሉ ስንዘጋጅ

የ2021 በጋ (የአሜሪካው ሰመር) እንዴት እንደጀመረ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። እኔና ባለቤቴ የኮቪድ ክትባት ተከትበናል። አብረውን የሚኖሩት አማቴም ተከትበዋል። ዲዝኒ ወርልድ ከጁን 15 ጀምሮ የተከተበ ሰው ማስክ ማድረግ የለበትም ብሏል። ጁላይ 1 የማታው ርችት ተመልሷል። ነገሩ ሁሉ ያለቀ መሰለ። ልጆቼ ደግሞ ከዓመት በላይ ቤት ተዘግተው፣ ስክሪን ላይ አፍጥጠው ነው የተማሩት። ካሣ ይገባቸው ነበር።

እኛ የምንኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ትምህርት የሚከፈተው ኦገስት 30 ስለሆነ ከዚያ በፊት ያለውን ሳምንት መረጥን። ዕቅዱ ራሱ ሥራ ነው። በዚያን ጊዜ ቲኬት መግዛት ብቻውን አይበቃም ነበር። ከዲዝኒ ወርልድ ፓርኮች ማጂክ ኪንግደም በየትኛው ቀን፣ ኤፕኮት በየትኛው ቀን እንደምትገቡ አስቀድማችሁ ቦታ መያዝ አለባችሁ። ትልቁ ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ የሚሳፈርባቸውን ሁሉ በደብተር ጽፎ፣ አስቀድሞና አስከትሎ ደርድሯቸዋል። ትንሿ አምስት ዓመቷ ነው። ስፔስ ማውንቴን የሚባለው ሮለር ኮስተር ላይ ለመውጣት ቁመት 44 ኢንች መሙላት አለበት። የማድ ቤቱ በር ላይ በእርሳስ ምልክት አድርገንላት በየጊዜው እየሄደች ጀርባዋን ትለጥፋለች። ትንሽ ነበር የጎደላት።

ከዚያ ዴልታ የሚባለው የቫይረሱ ዝርያ መጣ። ጁላይ 27 የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ የተከተቡ ሰዎችም ስርጭቱ በበዛበት አካባቢ ቤት ውስጥ ማስክ እንዲያደርጉ መከረ። በማግስቱ ኦርላንዶ የምትገኝበት የኦሬንጅ ካውንቲ ከንቲባ ጄሪ ዴሚንግስ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጁ። ከጁላይ 30 ጀምሮ ዲዝኒ ወርልድ ሁለት ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ፣ ተከተበም አልተከተበም፣ ጣሪያ ሥር ማስክ እንዲያደርግ አዘዘ።

እዚህ ላይ ስለ ዕቅድ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ገንዘብ ከተከፈለ በኋላ የሚመጣ ዜና ሁሉ ወደ ጉዞው ያዘነብላል። ማስኩ ሲመለስ «ጎሽ፣ አሁን ይበልጥ ይጠነቀቃሉ» እንላለን። ሰዉ እየሰረዘ ነው ሲባል «እንግዲያው ሰልፉ ያጥራል» እንላለን። ክፉውም ደጉም ዜና አንድ ቦታ ያደርሰናል፤ ኦርላንዶ።

ስሌታችን ግን ባዶ አልነበረም። አብዛኛው ነገር ደጅ ነው፤ ደጅ ደግሞ ከቤት ውስጥ ይሻላል። ሆኖም ኦገስት ላይ ፍሎሪዳ የነበረ ሰው ያውቀዋል፤ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁርና ዶፍ ይወርዳል። ያኔ ደጅ የነበረው ሕዝብ በሙሉ ወደ ሱቁ፣ ወደ ምግብ ቤቱ፣ ጣሪያ ወዳለው ሰልፍ ይገባል። አውሮፕላን ጣቢያው አለ፤ የሆቴሉ አውቶቡስ አለ። ልጆቻችን ደግሞ ከ12 ዓመት በታች ስለሆኑ ክትባቱ ገና አልተፈቀደላቸውም። ስንመለስ እቤት የሚጠብቁን አማቴ ስኳር አለባቸው። ይህን ሁሉ እናውቅ ነበር። አውቀንም «እንጠነቀቃለን» ብለን ሻንጣ አወጣን።

ያ ዓርብ

ኦገስት 20 ነው። ኦርላንዶ ውስጥ ነርስ የሆነች አብሮ አደጌ አለች። ጉለሌ አንድ ሰፈር ነው ያደግነው። በጉዟችን መሃል እሷ ቤት አንድ ማታ ልናድር፣ ልጆቼም ከልጇ ጋር ሊጫወቱ ተነጋግረን ነበር። ስለ ዝናቡ ልጠይቃት ደወልኩ። ከሥራ ወጥታ፣ መኪናዋ ውስጥ ሞተር ሳታስነሳ ቁጭ ብላ ነው ያገኘኋት። ድምጿ ደክሟል።

«ኑም አልልሽም፣ ቅሩም አልልሽም» አለችኝ። «ግን ዛሬ ምን እንደተባልን ልንገርሽ። ሣር አታጠጡ፣ መኪና አትጠቡ ተብለናል።»

አልገባኝም። «ምነው፣ ድርቅ ነው እንዴ? በየቀኑ እየዘነበ አይደል?» አልኳት።

«ውኃማ ሞልቷል። የጠፋው ኦክስጅን ነው።»

ስልኩን እንደዘጋን ዜናውን ፈልጌ አነበብኩት። የኦርላንዶ ውኃና መብራት ድርጅት የመጠጥ ውኃውን የሚያጣራው በፈሳሽ ኦክስጅን ነው። የከርሰ ምድሩ ውኃ የድኝ ሽታ አለው፤ ኦክስጅኑን ወደ ኦዞን ቀይረው ያንን ሽታ ያስወግዱበታል። ያ ኦክስጅን ግን አሁን ለሆስፒታሎች ተፈለገ። ስለዚህ የከተማዋ ከንቲባ ባዲ ዳየር በዚያ ቀን ወጥተው ነዋሪውን ውኃ ቆጥቡ ብለው ለመኑ። ውኃው ባነሰ ቁጥር ማጣሪያው የሚፈልገው ኦክስጅን ያንሳል፤ የተረፈው ለበሽተኛ ይሄዳል። በዚያ ወር ፍሎሪዳ ውስጥ በኮቪድ ሆስፒታል የተኛው ሰው ከ17 ሺህ በላይ ደርሶ ነበር።

ቁጥሩን ከዚያ በፊትም ሰምቼዋለሁ። ቁጥር ግን ይለመዳል። ሣር ስለማጠጣት የተነገረው ነገር ሌላ ቦታ ነካኝ። በጋውን ሙሉ ስንጠይቅ የከረምነው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ እንታመማለን ወይስ አንታመምም? መልሱን በልጆቹ ዕድሜ፣ በክትባቱ፣ በማስኩ ዓይነት ስንመዝን ነበር። አሁን ግን አንዲት ከተማ ቁጭ ብላ ትንፋሽን በቧንቧና በአልጋ መካከል እያካፈለች ነው። እኛ ደግሞ ወደዚያች ከተማ ለመዝናናት ልንሄድ ነው። ብንታመም የምንወሰደው እዚያው ሆስፒታል ነው። ኮቪድ ባይሆን እንኳን፣ ልጄ ወድቆ እጁ ቢሰበር፣ አብሮ አደጌን የመሰለች ነርስ ከሌላ በሽተኛ አልጋ አጠገብ ተነስታ ወደ እኛ ትመጣለች። በጥንቃቄ የምናሳንሰው የራሳችንን ስጋት ነው። የከተማዋን ጫና ግን በማስክ አናሳንሰውም።

ሌላም ነገር ትዝ አለኝ። በዚያው ዓመት ፋሲካ ሳይደርስ አጎቴን አዲስ አበባ ኮቪድ ይዞት ነበር። ዘመድ ሁሉ ሲሊንደር ፍለጋ ከሆስፒታል ሆስፒታል ሲሯሯጥ፣ እኛ እዚህ ሌሊት ስልክ ታቅፈን እናድር ነበር። ገንዘቡን አዋጥተን ልከናል። ገንዘቡ ደረሰ፤ ኦክስጅኑ ግን ቶሎ አልተገኘም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አጎቴ ተርፏል። ያኔ ለራሴ ያልኩትን አስታውሳለሁ፤ አሜሪካ ቢሆን ይሄ አይደርስም ነበር። እነሆ፣ አሜሪካም ኦክስጅን የሚመጣው በመኪና ተጭኖ ነው። መኪናው ሲዘገይ እዚህም ሰው ሰማይ ሰማይ ያያል።

ባለቤቴ ማታ ከሥራ ሲገባ ነገርኩት። ዜናውን ራሱ አነበበው። ብዙ አልተከራከርንም። «እንግዲህ አንሄድማ» አለ፣ ሻንጣውንም ዘጋው። አማቴ ለመንገድ ብለው ዳቦ ቆሎ ሲጠብሱ ውለዋል። ስንነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና፣ «ለልጆቹ እናንተው ንገሯቸው፤ እኔ ዓይናቸውን ማየት አልችልም» አሉን።

ነገርናቸው። ያንን ማታ መግለጽ አልፈልግም። ወላጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

ስለ ገንዘቡ አጭር ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ። ትልልቆቹ አየር መንገዶች 2020 ላይ የመቀየሪያ ክፍያ አንስተው ስለነበር በረራውን አዛወርነው፤ በጣም ርካሹን ቲኬት ስላልገዛን ጠቀመን። የፓርኩ ቲኬት ገንዘቡ ባይመለስም ቀኑ ይቀየራል። በቅናሽ የያዝነው ሆቴል ግን አንድ ሳንቲም አልመልስም አለ። ተራ የጉዞ ኢንሹራንስ ደግሞ «ወረርሽኙ ስለባሰ ፈርቼ ቀረሁ» ለሚል ሰው አይከፍልም። በማንኛውም ምክንያት ብትቀሩ የሚከፍል ሌላ ዓይነት አለ፤ እሱ ዋጋው ከፍ ይላል፣ የሚመልሰውም ብዙ ጊዜ እስከ 75 በመቶ ነው። የመጀመሪያውን ክፍያ ከፈጸማችሁ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ውስጥም መግዛት አለባችሁ። ጭንቀቱ ሲመጣ ልግዛው ብትሉ ጊዜው አልፏል።

ታዲያ እነሱስ?

ወደ ልጄ ጥያቄ ልመለስ። እነሱ ሄዱ፣ ተደሰቱ፣ ጤነኛ ሆነው ተመለሱ። ባለቤቴ የሚሠራው መንዳት ነው። ለልጁ እንዲህ አለው፤ «ቀይ መብራት ጥሶ ያለፈ ሁሉ አይጋጭም። አለመጋጨቱ ግን መጣሱን ልክ አያደርገውም።» ልጄ ገባው። እኔ ግን ምሳሌው ሙሉ በሙሉ አላጠገበኝም።

ለምን? ያ ቤተሰብ ምንም ሕግ አልጣሰም። ፓርኩ ክፍት ነበር። መንግሥት አትሂዱ አላለም። በአውሮፕላን ሳይሆን በራሳቸው መኪና ነው የሄዱት። እቤታቸው ስኳር ያለባቸው አያት የሉም። እነሱም ቁጭ ብለው መዝነው ይሆናል። ቀይ መብራት ጥሰዋል ብዬ ልፈርድባቸው አልችልም። አረንጓዴ በርቶላቸው ነበር።

ደግሞ ኦርላንዶ ሰው ባይመጣባት ይሻላት ነበር ብሎ መደምደምም ቀላል አይደለም። አብሮ አደጌ ይህንን አጥብቃ ትነግረኛለች። ማርች 2020 ፓርኮቹ ሲዘጉ ሰፈሯ ምን እንደሆነ አይታለች። ዲዝኒ በዚያ ዓመት ሴፕቴምበር በአሜሪካ ካሉት የፓርክና ተያያዥ ሠራተኞቹ 28 ሺህ እንደሚቀንስ ሲያስታውቅ፣ ኪራይ መክፈል ካቃታቸው መካከል ጎረቤቶቿ ነበሩ። አልጋ የሚያነጥፉ፣ ሳህን የሚያጥቡ፣ አብዛኞቹ እንደ እኛ ከሌላ አገር የመጡ። ጁላይ 11 ቀን 2020 ማጂክ ኪንግደም እንደገና ሲከፈት እነዚህ ሰዎች እልል ብለዋል። በማግስቱ ደግሞ ፍሎሪዳ በአንድ ቀን ከ15 ሺህ በላይ አዲስ ታማሚ መዘገበች፤ እስከዚያ ቀን የትኛውም ስቴት ያላየው ቁጥር ነበር። ከተማዋ እንግዳውን በአንድ ጊዜ ትናፍቀውም ትፈራውም ነበር። ይህንን እያወቅሁ፣ የቀረ ሰው ሁሉ ደግ፣ የሄደ ሁሉ ክፉ ነው ማለት አልችልም።

ግን የልጄ ሐሳብ ውስጥ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። «ምንም አልሆኑም» የሚለው የውሳኔውን ልክነት ከኋላ ተነስቶ ይመዝናል። ውሳኔ ግን የሚወሰነው ከፊት ነው፤ የሚሆነው ሳይታወቅ። እኛ ያን ዓርብ ማታ በእጃችን የነበረው የአብሮ አደጌ ድምፅና የከንቲባው ልመና ነው። በዚያ ላይ ተመሥርተን ወሰንን። ሄደን ምንም ባንሆን ኖሮ እንኳን ያ ልመና ልመና ነበር። ቀርተን ቤታችን ብንታመም ኖሮም መቅረታችን ስህተት አይሆንም ነበር።

ለልጄ በኋላ ላይ የነገርኩት ይህን ነው። «የቀረነው በእርግጠኝነት ስለምንታመም አይደለም። በዚያ ሳምንት እዚያ ከተማ ለእንግዳ የሚተርፍ ስላልነበረ ነው» አልኩት። ትንሽ አሰበ። «ታዲያ የሚተርፍ ሲኖር ማን ይነግረናል?» አለኝ።

ወረቀቱ

ይህ ጥያቄው ነው ወደ ሥራ ያስገባን። ኦክቶበር ላይ አራታችንም ጠረጴዛ ዙሪያ ቁጭ አልን፤ አማቴም መጡ። ገና ምንም ሳንይዝ፣ ምንም ሳንከፍል፣ በምን በምን ሁኔታ እንደምንሄድ፣ በምን እንደምንቀር ጻፍን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አባቶቻችን። ነሐሴ ላይ ያየነው እሱን ነው፤ ሻንጣ ተከፍቶ እያለ፣ ልጅ በደስታ እየዘለለ በሳል ነገር ማሰብ ከባድ ነው።

ልጆቹ ሁለቱንም ክትባት ወስደው ሁለት ሳምንት ይሙላቸው አልን። ከአምስት እስከ 11 ዓመት ላሉት ክትባቱ የጸደቀው ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ስለሆነ ያ ለገና እረፍት ይደርስ ነበር። የአማቴ ቡስተር፣ ማጠናከሪያው ክትባት፣ ይቅደም አልን። ሊሰረዝ የማይችል ነገር፣ ቅናሹ የፈለገ ቢያጓጓ፣ አንይዝም አልን። መሰረዣው የሚያበቃበትን ቀን ካላንደር ላይ ከበብነው፤ የምንወስነው ከዚያ አንድ ሳምንት ቀድመን ነው። አብሮ አደጌ የምትሠራበት ሆስፒታል ቀጠሮ የተያዘለትን ቀዶ ሕክምና እያራዘመ ከሆነ አንሄድም። ከትልልቆቹ አንዳችን «ልቤ አልፈቀደም» ካለ ክርክር የለም፤ ይቀራል። ይህችን የመጨረሻዋን ያስጨመሩት አማቴ ናቸው።

ከዚያ ኦሚክሮን የሚባለው ሌላ ዝርያ መጣ። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው ሰው የተገኘው ዲሴምበር 1 ነው። ልጆቻችን ተከትበዋል፤ ፓርኩ ክፍት ነው፤ ሰዉ «ይሄኛው ቀላል ነው» ይላል። አብሮ አደጌን ጠየቅናት። ኦክስጅኑ አለ አለችን። የታመሙት ነርሶቹ ናቸው፤ ባልደረቦቿ ተራ በተራ እየወደቁ እሷ ድርብ ሺፍት እየሠራች ነው። ወረቀቱን አወጣን። ልጄ ራሱ አነበበው፣ ራሱም «አይሆንም» አለ። ትንሿ አለቀሰች። ግን የነሐሴው ዓይነት ማታ አልነበረም። ገንዘብም አልጠፋ። በዚያ የገና ሰሞን የበረራ ሠራተኞች ታመው በሺዎች የሚቆጠር በረራ ሲሰረዝ፣ ሕዝብ አውሮፕላን ጣቢያ ወለል ላይ ሲተኛ በቴሌቪዥን አየን።

የሄድነው በኤፕሪል 2022 የትምህርት ቤት እረፍት ነው። አውሮፕላን ላይ ማስክ ገና ግዴታ ነበር። ፓርኩ ውስጥ ግዴታነቱ ቀርቷል፤ እኛ ጣሪያ ሥር ስንገባ እናደርግ ነበር። ትንሿ 44 ኢንቿን አልፋለች። ሠራተኛው መለኪያውን አጠገቧ ሲያቆም ትንፋሿን ይዛ እንዴት እንደቆመች! የከፋት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሚኪ ያኔ ከርቀት እጁን ያውለበልባል እንጂ አያቅፍም ነበር። ማቀፍ የተመለሰው ኤፕሪል 18 ነው፤ እኛ ከተመለስን በኋላ። እስካሁን ታነሳዋለች። ዐቢይ ጾም ስለነበር አማቴ ከቤት በያዙት ቆሎና በድንች ጥብስ ነው የከረሙት፤ ቅር አላላቸውም።

አብሮ አደጌ ፈቃድ ወስዳ ኤፕኮት አብራን ዋለች። ልጆቹ ከባለቤቴ ጋር ተሰልፈው፣ እኛ በሐይቁ ዙሪያ ስንዞር፣ ስለዚያ ኦገስት አነሳሁባት። ብዙ ማውራት አትወድም። አንድ ነገር ግን ነገረችኝ። በዚያ ሰሞን ካስታመመቻቸው መካከል ለእረፍት መጥተው የታመሙ ነበሩ። ቤተሰባቸው ሆቴል ተቀምጦ፣ መግባት ተከልክሎ፣ በስልክ ነበር የሚያዩዋቸው። የመመለሻ በረራቸው ቀን አልፏል። የሆቴሉ ክፍያ እየቆጠረ ነው። ከተማው ውስጥ የሚያውቁት ሰው የለም። አንዷ እናት ልጇ የት እንደሚያድር እሷን እየጠየቀች ነበር።

ያኔ ነው አንድ ነገር የበራልኝ። «ሄደው ምንም አልሆኑም» የሚባልላቸው ደርሰው የተመለሱት ናቸው። ፎቶ የሚያሳዩት፣ ቡና ላይ የሚያወሩት እነሱ ናቸው። ያቺ እናት ቤተ ክርስቲያን ግቢያችን መጥታ አታወራም። እሷን የሚያውቃት ሌሊት ያስታመመቻት ነርስ ናት።

ወረቀቱ እስካሁን ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል። አሁን ጉዞ ስናቅድ የምንሄድበት ከተማ ሆስፒታል የሚሠራ የምናውቀው ሰው እንፈልጋለን፤ ከሌለ በዘመድ በጓደኛ እናጠያይቃለን። የእኛ ሰው የማይሠራበት ሆስፒታል ጥቂት ነው፤ ሁልጊዜ አንድ ሰው ይገኛል። የምንጠይቀው «ብንመጣ ያሰጋናል ወይ?» ብለን አይደለም። «እናንተ እንዴት ናችሁ? እየተኛችሁ ነው?» ብለን ነው። ደዋዩ ልጄ ነው፤ ይህንን መስመርም ወረቀቱ ላይ በራሱ እጅ የጻፈው እሱ ነው።